የራባይዋ ማህተም

አሜሪካ፣ ብራያርክሊፍ ከተማ ወዳለችው ሱቄ አንዲት ቆብ የደፋች ፈረንጅ ገባች። ምስር ገዝታ የሰጠችኝን ሃምሳ ዶላር፣ እንደ ልማዴ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አየሁና መልሷን ሰጠኋት። "የተራማጅ አይሁዶች ራባይ ነኝ። ለትንሿ ምኩራባችንና ለሰፈሩ ችግረኞች ገንዘብ እያሰባሰብኩ ነው" አለችኝ። ራባይ የአይሁድ ቄስ ነው፤ ሴት ቄስ ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ አላመንኳትም። "ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጪ" አልኳት። "ማህተም እንኳ የለንም" ብላ ሄደች።

በማግስቱ ባለማህተም ደብዳቤ ይዛ መጣች። ጥርጣሬዬ ባሰበት። "ትናንት የለንም አላልሽም?"

"አንቺ ስለጠየቅሽ አሠራን።"

እኛ አገር በአንድ ቀን ማህተም የሚያሠራ ሰው መጨረሻው እስር ቤት ነው። ደብዳቤውን ሳገላብጥ ብዙ አቆምኳትና እያቅማማሁ ሃያ ዶላር ሰጠኋት። ተቀብላ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

"ምነው?" አልኳት።

"የዚህ ሱቅ ደንብ መስሎኝ" አለችኝ።