ለደከመ ልብ ሁለት ፕላስቲክ ውሃ

«እንኳን ልጅ ልታዝዪ፣ ማንኪያም አታንሺ!» ብለውኝ ነበር ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ፣ ስወልድ የልብ ድካም የያዘኝ ጊዜ። ልጄ በሰው ጀርባ ስታድግ ተኝቼ አይ ነበር። በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው ጤና ጣቢያ ሲከፈት ውጫሌ ያገኘኋት ነርስ ግን፣ «መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ክንድሽንም አሠሪው። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ ቀስ እያልሽ አንሺ፤ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ተይው» አለችኝ።

ወራት አልፈው አንድ ጁምአ ጠርሙሶቹን እያነሳሁ ሳለ እትዬ ዘሃራ ሊጠይቁኝ ገቡ። «ያ አላህ! እኛ በሽተኛ ልንጠይቅ፣ እሷ ቆማ ውሃ ትመዝናለች!» ብለው ነጠቁኝና ራሳቸው ሞከሩት። አምስት ጊዜ እንዳነሱ ክንዳቸው ዛለ። «ኧረ በሽተኛዋስ እኔ ነኝ!» ብለው ተንከተከቱ። ሊሄዱ ሲነሱ፣ «ተኚ፣ በሽተኛ እንግዳ አይሸኝም» አሉኝ። እኔ ግን ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ አዝዬ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው።