የእማዬ ምርኩዝ ሲኒማ ገባች

አንቺ ጎረቤቴ፣ እንኳን መጣሽልኝ! አዳራሹ ሞቆ ነበር፣ አይደል? ወንበሩስ እንዴት ይመቻል! እኔማ ጫማዬን አውልቄ ነው ያየሁት። ኧረ አትዙሪ! ከኋላችን ትልቅ ሰው ቆሟል፤ ባለፊልሙ ነው። ከጋዜጠኞች ጋር ጨዋታ ስለያዘ የኛን ወሬ አይሰማም... ጆሮው የቀላው ከመብራቱ ነው።

ፊልሙ ግን እንዴት ነበር? ያ የወደፊቱ ከተማ! ደረጃ በራሱ እግር መውጣት ያቃተው ሁሉ በመኪና ተጭኖ የሚወሰድበት። ድምፅ ማጉያው «አዛውንቶች ክብራችን ናቸው፤ እባክዎ ክብርዎን ሳይነጋ በር ላይ ያውጡ» ሲል በሳቅ ሞትኩ። እንደ ቆሻሻ እኮ ነው! ባለሥልጣን እንዲህ መሸንቆጥ ድፍረት ይጠይቃል። እናትን ለመጠየቅ ታክሲ ከመሳፈር ግን ሳይቀል አይቀርም... እኔ ምን አውቃለሁ።

ልጁ እናቱን አሳልፎ ሲሰጣትማ አዳራሹ በሙሉ ተነፋረቀ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ለካ ትኬት ከቆረጡም አይገድም። ባለፊልሙ መድረክ ላይ ምን አለ? «ልጁ ክፉም ደግም አይደለም፤ ሁኔታው ነው።» እንዴት ያለ አዋቂ ነው! እኛ ሳንማር ቀርተን፣ እናቱን ለጣለ ሰው ስም ያለው ይመስለን ነበር።

ያቺ በሩ ጋ መስታወት ውስጥ ያስቀመጧት የፊልሙ ምርኩዝ ግን... የእማዬን አትመስልም? እኔ እጀታዋ ላይ የጠመጠምኩት ቀይ ጨርቅ እንኳ አለባት። መቼም ዕቃ ከዕቃ ይመሳሰላል። የእማዬን አንድ ሰው «ለሁለት ቀን ብቻ» ብሎ ከወሰዳት ዓመት አለፈ። እሱም «እማዬ» ነው የሚላት፤ እኔ የጠባሁትን ጡት ነው የጠባው... ስም አልጠራሁም! ድሮ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ልጅ የእናቱን ምርኩዝ ትወና አስተማረ።

እማዬማ ግድግዳ እየዳበሰች ነው ሽንት ቤት የምትሄደው። ባለፈው ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። አዲስ ልግዛልሽ ስላት፣ «ተይ፣ ይዞልኝ ሲመጣ ቅር ይለዋል» አለችኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን ታስተካክላለች። ግን ክፉም ደግም የለም አይደል? ሁኔታ ነው።

በይ እንሂድ፣ እማዬ ብቻዋን ናት። ውይ፣ ያቺ ሕፃን ያቀፈችው ሚስቱ ናት? ወንድ ልጅ! እሰይ፣ እልል! እግዜር ለባለፊልሙ ረጅም፣ በጣም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጁም ቁርጥ አባቱን ይሁን፤ አባቱ ለእናቱ የሆነላትን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል ይሁንለት። አሜን በይ እንጂ... ጮክ ብለሽ!