የቀይዋ ፒክአፕ የጋቢና በር

ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ተማሪና አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ያወራሉ።

«አባባ፣ ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የምትቆመው ቀይ ፒክአፕ የእርስዎ ናት አይደል?»

«ኤዬ፣ የኔ ናት።»

«ስታምር! የድሮ መኪና አትመስልም እኮ።»

«ዕድሜ ልኬን ቡና የጫንኩባት ናት። ሞተሯን ቀየርኩ፣ ዝቅ አደረግኳት፣ ሰፋፊ ጎማ አስገባሁላት።»

«የጋቢናው በር ግን ከውስጥ መክፈቻ የለውም። በመስኮት አይቻለሁ።»

«ድሮ ነው የተሰበረው።»

«ይህን ሁሉ ሠርተው እሱን እንዴት ረሱት?»

«አልረሳሁትም ልጄ። ባለቤቴ እኔ ዞሬ እስክከፍትላት ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ላሠራው ስል "ተወው፣ እንደ ሙሽራ መውረዱን ወድጄዋለሁ" አለችኝ። አላህ ይማራትና።»

«ይቅርታ አባባ፣ አላወቅኩም።»

«ምን ታደርግ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን በታክሲ መጡ?»

«ትናንት ገበያው ፊት ለፊት አቆምኩና እንደ ልማዴ ዞሬ ከፈትኩላት። ዋላሂ፣ ሰው ሁሉ ማን ሊወርድ ነው ብሎ ቆሞ ያያል።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።