የጸደንያ አድራሻ እንዴት እንደ ወጣ

የምስክር ስም፦ ዓለምነሽ ባንቴ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ማዕከል የቤት ለቤት ተንከባካቢ
አድራሻ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሜይ 13 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ዘይድ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ አቶ ፍስሐ
የተበዳይ ስም፦ ጸደንያ
የተበዳይ አድራሻ፦ ____________

ስሜ ከላይ የተገለጸው እኔ ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተበዳይ ጸደንያን የማውቃት ከጃንዋሪ ወር ጀምሮ ነው። ሄሮን በሚባለው የከተማችን ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ በር ተቆልፎባት፣ በሰገነቱ በኩል ልትወርድ ስትል ወድቃ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። በአሠሪዋ ላይ ክስ ስላቀረበች ማዕከላችን ሃያብለ ሰፈር ቤት ተከራይቶ በምስጢር አስቀመጣት። የማዕከሉ ኃላፊ መዳም ዙለይካ የተረጂን ስም፣ ጉዳትና አድራሻ ያለ ራሱ ፈቃድ ለማንም እንዳልናገር አስፈርመውኛል። ፈርሜያለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ ለፈረንጅ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይጠየቃል እንጂ አይደበቅም።

ዓርብ ሜይ 9፣ የልደታ ዕለት፣ የጽዋ ማኅበራችን ተራው ደርሶኝ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ልጅቱ ከእኔና ከማዕከሉ ሰዎች በቀር ማንንም ሳታይ አራት ወር መቆየቷ አንጀቴን በልቶት ስለ ነበር፣ ማኅበርተኛው ሄዶ እንዲጠይቃት ለመንኩ። ስሟን፣ ጉዳቷን፣ ቤቱም የውኃ ቦቴው ከሚቆምበት ወረድ ብሎ ሰማያዊ በር ያለው መሆኑን ተናገርኩ። ሴቶቹ ብዙ ጠየቁኝ። ጋሽ ክፍሌ እያልን የምንጠራው፣ ሠራተኛ የሚያስቀጥር ደላላ የሆነው ማኅበርተኛችን ግን አንድም ነገር አልጠየቀም። ጸደንያን ሄሮን ያስቀጠራት እሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። አስቀድሜ ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር።

እሑድ ሜይ 11 ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ገደማ ጸደንያን በጎኗ አዙሬ ጀርባዋን ሳሽ በሩ ተንኳኳ። ክፍሌ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ከማላውቀው ሰው ጋር ቆሟል። «እግዜር ይማርሽ ልንላት ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ጸደንያ ድምፁን ስትሰማ እጄን አጥብቃ ያዘች። እኔ ግን ያፈረች መስሎኝ አለባብሻት አስገባኋቸው። እንግዳ አፉን ሳያረጥብ አይሸኝም ብዬም ቀዝቃዛ ውኃ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ተሽከርካሪ ወንበሯ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ በሩም ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደበደብኩት። ከፍተው ሲወጡ ክፍሌ አንድ ወረቀት እያጣጠፈ ነበር፤ አልፎኝ ሄደ። የጸደንያ አውራ ጣት ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። አብሮት የመጣው ሰው እጇን ይዞ፣ ምን እንደሚል በማታውቀው የፈረንሳይኛ ወረቀት ላይ አሻራዋን እንዳስደረጓት ነገረችኝ፤ ክሷን ትታለች የሚል ሳይሆን አይቀርም። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ናት፤ ስሟን ትጽፋለች። ፈቅዳ ቢሆን ኖሮ በፈረመች ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ መሆኔን ማን ነገረው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እኔን ሳይጠይቁኝ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ራሴው ለመዳም ዙለይካ ደውዬ ያደረግሁትን ተናገርኩ፤ ሳይመሽም ወደ ሌላ ቦታ አዛወርናት። ትናንት ሰኞ ክፍሌ ደውሎ፣ መዛወሯን እንደ ሰማና አሁንስ የት ሄዶ ሊጠይቃት እንደሚችል ለስላሳ በሆነ ድምፅ ጠየቀኝ። ዘጋሁበት። የደወለበትን ቁጥር ለመርማሪው ሰጥቻለሁ።

መርማሪው አሁን ያለችበትን አድራሻ ጠይቀውኛል። አስተርጓሚው አቶ ፍስሐ በአንድ ደብር የምንሳለም ሰው ናቸው። አልጠረጥራቸውም። እኔንም ማንም አልጠረጠረኝም ነበር። ስለዚህ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ለጸደንያ ደወልኩና ጠየቅኋት። ለመርማሪው ብቻ ብላ ፈቀደች። ራሴ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ በእጃቸው ሰጥቻለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ። የጨመርኩበት ነገር የለም። የጎደለው ከላይ ባዶውን የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም ያልሞላሁት የእኔ ስላልሆነ ነው።

ምስክር፦ ዓለምነሽ ባንቴ (ፊርማ)
አስተርጓሚ፦ ፍስሐ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ዘይድ (ፊርማና ማኅተም)
አባሪ፦ አንድ የታሸገ ፖስታ