ሰቃ ላይ ማንም እጅ ያላነሳለት ተማሪ

ከሰቃ ወደ ጅማ በተነሳው ላንድሮቨር ውስጥ ሾፌሩ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ጭሰኛ፣ ዶሮ የታቀፉ አሮጊትና ወደ ስብሰባ ብሎ የወጣውን ልጄን ፈልጌ ያጣሁት እኔ ነበርን።

«ባላባቶቹ በጠሩት ስብሰባ ላይ ተማሪ ተናገረ አሉ?» አለ ነጋዴው።

«አዎ፣ ብቻውን መጥቶ» አለ ጭሰኛው። «መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን እጅ ነስቶ ፈቃድ ጠየቀ።»

«ለስድብ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል?»

«አልተሳደበም፣ ወላሂ! መሬት ለአራሹ ይገባል አለ። የሚስማማ ጭሰኛ እጁን ያንሳ አለ።»

«ማን አነሳ?»

«ማንም።»

«አንተስ ወንድሜ?»

«ባላባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው?»

«ልጁስ?»

«እኛን እኛን እያየ፣ ጠመንጃ የያዙት ነጭ ለባሾች ይዘውት ሄዱ።»

«ወይኔ እናቱ!» አሉ አሮጊቷ።

ያን ጊዜ «ልጄ ነው» ለማለት ፈራሁ፤ ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ ካለ ግን እባካችሁ ንገሩኝ።