ገብሳቸው ላይ ቦይ የተቆፈረባቸው ሰው

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት ደብተር ገልጣ ለራሷ ታነበንባለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ገበሬ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ዳዊት ነው የምትደግሚው?»

«አይ አባባ፣ የፕሮጀክት ሥራ አመራር ፈተና አለብኝ። ባለፈው ወድቄያለሁ።»

«ምኑ አስቸገረሽ?»

«ቃላቱ። ለምሳሌ ‹ባለድርሻ አካል› ማለት ሥራው የሚነካው፣ ወይም ሥራውን ሊያቆም የሚችል ሰው ነው። እሸመድደዋለሁ፤ ፈተናው ላይ ግን ይጠፋኛል።»

«እኛ ቀበሌ የምንጭ ውኃ በቧንቧ ሊያመጡ ቦይ ሲቆፍሩ ገብሴን ለሁለት ከፈሉት። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ማሳዬ ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሥራው ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሴቶቹ ከወንዝ ቀዱ። ሚስቴም ጀሪካን ተሸክማ አብራቸው። ቢጠይቁኝ እኮ በድንበሩ በኩል ውሰዱት እል ነበር።»

«ኋላስ የጠየቀዎ አለ?»

«አንዲት እንዳንቺ ያለች ልጅ መጣች። ድንበሩን አብራኝ ዞራ ለካች። ከዚያ ወዲያ ውኃው ለመግባት ወር አልፈጀም።»

ወጣቷ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

«ምን ጻፍሽ?»

«አንቱን ነው አባባ። ከእንግዲህ አይጠፋኝም።»

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ብወድቅም እንደገና እቀመጣለሁ።»

«ታልፊያለሽ። ብቻ ካለፍሽ በኋላም መጠየቅ አትተዪ።»

እኔም ጉልበቴ ላይ የነበረውን የመንገድ ሥራ ዕቅድ ገልጬ፣ መንገዱ በማሳቸው የሚያልፍባቸውን ገበሬዎች ስም መፈለግ ጀመርኩ።