አቶ ጉልላት ከሰው ቤት የማይበሉበት ምክንያት

ውድ ለቀስተኞች፣ ዝናቡ ሳይመጣብን ጆሯችሁን ስጡኝ። እኔ የአቶ ጉልላት ታረቀኝ እናት ታናሽ እኅት ነኝ። አዝዬ ያሳደግኋቸው ስለሆነ ቤት ውስጥ “አንተ” ነበር የምላቸው፤ ዛሬ ግን ወጉ ነውና “እርሳቸው” እላለሁ። ከትናንት ጀምሮ በድንኳኑ ጥግ ጥግ ሹክሹክታ አለ፤ እኔ ስደርስ ደግሞ ጸጥ ይላል። እንደዚህ ያለ ጸጥታ ደስ አይለኝም፤ ስለዚህ ታሪካቸውን ከሥሩ አነባለሁ።

አቶ ጉልላት ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ በ1970 ዓ.ም. እዚሁ ቀጨኔ ተወለዱ። ሲወለዱ ጩኸታቸው እስከ ታችኛው መንገድ ተሰምቷል፤ ነበርኩ፣ ውሸት አይደለም። ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው፣ ከዚያም የጥልፍ ሙያ ተምረው፣ በስፌት መኪናቸው ስንቱን ሙሽራ አሳመሩ! እርሳቸው የጠለፉትን ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ አማቷን ሳትፈራ ትጨፍራለች ይባል ነበር። ከወይዘሮ ትሕትና ጋር በተክሊል ተጋብተውም ሮሐንና ሳምሪን ወለዱ።

ከዚያ በኋላ ዐይናቸው እየቀላና እየደበዘዘ ሄዶ፣ ክር ከመርፌ ማግባት አቃታቸው። ሐኪሞቹም የሰውነታቸው መከላከያ በስሕተት የገዛ ዐይናቸውን እየወጋ መሆኑን አስረድተው፣ ያን መከላከያ የሚያበርድ እንክብል ለዓመታት እንዲውጡ አዘዙላቸው። ነገር ግን እንክብሉ ዐይንን ሲያድን ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ጨው እንዲቀንሱ፣ ግፊታቸውን ቤት እንዲለኩ፣ የኩላሊት ምርመራቸውን ቀጠሮ እንዳያሳልፉ፣ የሕመም ማስታገሻም ሆነ የባህል መድኃኒት ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይቀምሱ አስጠነቀቋቸው።

ወይዘሮ ትሕትና ይህን የሰማች ዕለት ጠርጣራ ሆነች፤ እሰይ እንኳን ሆነች! “ኩላሊትና ግፊት ድምፅ የሌላቸው ሌቦች ናቸው፤ እስኪያምህ ከጠበቅህ ቤቱን ባዶ አድርገው ሄደዋል” ትል ነበር። በርበሬና ሽሮ ሲፈጭ ጨው አብሮ እንደሚገባ ሁላችን እናውቃለን፤ እርሷ ግን ያለ ጨው ለብቻ አስፈጭታ፣ እርሷም ልጆቿም ያንኑ አልጫ አብረዋቸው በሉ። እኔም አንድ ቀን ቀምሼው “ይኼ ወጥ ነው የእግር ውኃ?” ብዬ ስቄያለሁ።

ታዲያ ታላቅ ወንድማቸው ኪሩ የልጁን ክርስትና ሲደግስ፣ አቶ ጉልላት ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ። ኪሩ ጉርሻ ቢዘረጋላቸው እጁን ስመው መለሱለት። ያኔ ድግሱ ቀዘቀዘ። ኪሩም “ወንድሜ እጄን ጠረጠረ! እኔ መርዝ ላበላው ነው?” ብሎ በሰው ፊት አዘነ። አንዷም፣ ስሟን አልጠራም፣ እዚሁ መሐላችን ቆማለች፣ “ሚስቱ አስነክታው ነው እንጂ፣ ከእጇ በቀር የማይበላው” አለች። ወሬውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ኖረ።

አቶ ጉልላት የወንድማቸውን ኩርፊያ ስላልቻሉ፣ በፋሲካ ሄደው ከኪሩ ቤት እንደማንኛውም ሰው በሉ፤ ሰነበቱም። ወገባቸውን ሲያማቸውም ኪሩ በፍቅር የሰጣቸውን የሕመም ማስታገሻ ለቀናት ዋጡ። ለምርመራ ሲሄዱ ግፊታቸው ሽቅብ ወጥቶ፣ ኩላሊታቸውም ተዳክሞ ተገኘ። ከትሕትና ጋር አብሬያቸው ስለነበርኩ ሐኪሙ የተቆጣውን ቁጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማስታገሻው ተከለከለ፣ የእንክብሉ መጠን ተቀነሰ፣ ለግፊቱም መድኃኒት ተጨመረ፤ ኩላሊታቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ስንወጣ አቶ ጉልላት ሁለታችንን አስቁመው “ኪሩ እንዳይሰማ፤ ከሰማ ራሱን ይበላል” አሉን። ስለዚህ ትሕትና “አስነካች” እየተባለች ዝም አለች። ዝም ያለችው ስለ ኪሩ ነው!

በዚህ ክረምት ትኩሳት ይዟቸው በዚያው ዕለት ሆስፒታል ቢደርሱም፣ የሳንባ ምች አሸነፋቸው፤ በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸውም ዐረፉ። እንክብሉ የሰውነትን ዘብ ስለሚያዳክም ለሕመሙ በር ከፍቶ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ አልደበቀንም፤ እኔም አልደብቃችሁም። ኩላሊታቸው ግን እስከ መጨረሻው ሠርቷል፤ ዐይናቸውም የሮሐን የምረቃ ቀሚስ ጠልፎ ጨርሷል። “ምን አብልታው ነው?” ለምትሉ፣ ያበላችው ይህንን ነው።

ኪሩ ልጄ፣ ወንድምህ የደበቀህ ስለሚሳሳልህ ነው፤ ቀና በል። ከቀብር ስንመለስ ከትሕትና አጠገብ ያለው ወንበር ያንተ ነው፤ የሚመጣውን ለቀስተኛ ከእርሷ ጋር ትቀበላለህ።

አቶ ጉልላት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትሕትናን፣ ልጆቻቸውን ሮሐንና ሳምሪን፣ ወንድማቸውን ኪሩንና እኔን አክስታቸውን ትተው ሄደዋል። መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን ሕመምም ሐሜትም በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለትሕትናም መጽናናትን ይስጣት። አሜን በሉ፤ የማይለውን እዚህ ሆኜ አየዋለሁ።